ያባት ሰይፍ የከበደው ፈረሰኛ፦ የናንተ ጥያቄ፣ የኔ መልስ

ባለፈው ሳምንት ስለ ብላክ ናይት ትንሽ ነገር ጽፌ ነበር፣ ማርቭል ኮሚክ ላይ ስላለው፣ ከቅድመ አያቶቹ እርግማን ያለበት ሰይፍ ስለወረሰው ፈረሰኛ ማለቴ ነው፣ እና ይሄን ያህል ጥያቄ ይመጣል ብዬ በፍጹም አልጠበቅኩም። ሁሉንም መመለስ አልችልም፣ ተደጋግመው የመጡትንና ልቤ ውስጥ የቀሩትን መርጬ አራት ኪሎ የለመድኩት ካፌ ቁጭ ብዬ እየመለስኩ ነው፣ ማኪያቶዬም ከቀዘቀዘ ቆይቷል።

«ሰላም፣ ፒያሳ ነው ሰፈሬ። ከጓደኞቼ ጋር ተከራክረን ነው። ብላክ ናይት ማለት ባትማን ማለት አይደል እንዴ?»

አይደለም። ባትማንን «ዳርክ ናይት» ስለሚሉት ነው የተምታታባችሁ። ባትማን ዲሲ የሚባለው የሌላው ኮሚክ አሳታሚ ነው፣ ይሄኛው የማርቭል። ደግሞ ብላክ ናይት አንድ ሰው ብቻ አይደለም፣ ስሙ ራሱ የሚወረስ ነው። የመጀመሪያው በእንግሊዞቹ አፈ ታሪክ በንጉሥ አርተር ዘመን የነበረው ሰር ፐርሲ ነው፣ ስታን ሊ እና ጆ ማኒሊ እ.ኤ.አ. በ1955 የፈጠሩት፣ ያኔ ማርቭል ገና አትላስ ሲባል። ቀጥሎ በ1964 ናታን ጋሬት የሚባል ሳይንቲስት መጣ፣ እሱ ግን ወንጀለኛ ነበር። ዛሬ ብዙ ሰው የሚያውቀው ሦስተኛው ነው፣ ዴን ዊትማን፣ የጋሬት የእህት ልጅ ሲሆን በ1967 መጨረሻ አቬንጀርስ በሚባለው የማርቭል ጀግኖች ቡድን ኮሚክ ቁጥር 47 ላይ ነው የገባው፣ ጸሐፊው ሮይ ቶማስ ሠዓሊው ጆን ቡሴማ። እሱም እንዳጎቱ ሳይንቲስት ነው። አጎቱ ሊሞት ሲል ተጸጽቶ ምስጢሩን ነገረው፣ ልጁም ያንን የተበላሸ ስም አንስቶ ላጥራው አለ። እኔ ታሪኩን የወደድኩት ገና እዚች ጋ ነው፣ ሰይፉ ሳይመጣ።

«እርግማኑ ግን በትክክል ምንድነው የሚያደርገው? ሰይፉ ያወራል? ራሱ ይገላል?»

ሰይፉ ኤቦኒ ብሌድ ይባላል፣ ጥቁር ነው፣ የንጉሥ አርተር ጠንቋይ መርሊን ከሰማይ ከወደቀ ድንጋይ ነው የሠራው። የማይቆርጠው ነገር የለም ማለት ይቻላል፣ የያዘውንም ሰው ይጠብቃል። እዚህ ድረስ እንደማንኛውም የጀግና መሣሪያ ነው። ችግሩ ደሙ ነው። ሰር ፐርሲ በዘመኑ ብዙ ደም አፈሰሰበት፣ ያ ደም ሰይፉ ላይ ቀረ፣ ከዛ በኋላ ደም በቀመሰ ቁጥር የያዘውን ሰው ሌላ ደም ያስጠማዋል። ባንዴ አይደለም የሚያሳብደው፣ ቀስ እያለ ነው፣ ዛሬ ተገቢ የሆነ ምት፣ ነገ ትንሽ የበዛ ምት፣ ከነገ ወዲያ ለምን እንደመታ የማያውቀው ምት። እኛ አገር «እጁ ደም ለመደ» የሚባል ነገር አለ አይደል፣ አረጋውያን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የሚሉት? እሱን በብረት አድርጋችሁ አስቡት።

ግን ለኔ ከሁሉም የከበደው ሌላ ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 በወጡት የአቬንጀርስ ቅጾች የባሕሩ ንጉሥ ናሞር በዚሁ ሰይፍ የገዛ ሚስቱን ማሪናን ገደላት፣ እሷ ወደ ግዙፍ የባሕር አውሬ ተቀይራ ስለነበር ሌላ መንገድ አልነበረውም። ሰይፉን የመዘዘው ናሞር፣ የገደለው ናሞር፣ ያለቀሰውም ናሞር። እርግማኑ የወረደው ግን ዴን ላይ ነው። ሰውነቱ ቀስ በቀስ እየደረቀ እየጠነከረ ሄደ፣ ክንዱ አልታጠፍ አለው፣ በራሱ መንቀሳቀስ እስኪያቅተው። ምንም ሳያደርግ! የሱ ሰይፍ ስለሆነ ብቻ። «የአባት ዕዳ ለልጅ» እያልን ላደግን ሰዎች ይሄንን ማንም ቁጭ ብሎ ሊያስረዳን አያስፈልግም፣ ስናነበው ሆዳችን ያውቀዋል።

«ታድያ ለምን አይጥለውም? እኔ ብሆን አዋሽ ወንዝ ወርውሬው እገላገል ነበር።»

ይሄ ጥያቄ ከሰባት ሰው ነው የመጣው፣ እና እውነቴን ነው የምላችሁ የዚህ ሰውዬ ታሪክ ሙሉው እዚህ ጥያቄ ላይ ነው ያለው።

ሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ሰይፉን ትቶ ከብርሃን የተሠራ ዘመናዊ ሰይፍ ነበር የሚይዘው፣ ሳይንቲስት አይደል፣ በራሱ ሙያ ልፍታው አለ። እና ምን ሆነ? ሾን ዶላን የሚባል ወጣት አብሮት ነበር፣ እንደ ጋሻ ጃግሬው በሉት። ክፉ ልጅ አልነበረም። አንድ ቀን በጭንቅ ሰዓት ያንን የተተወ ሰይፍ መዘዘው፣ አለቀለት፣ ብለድሬይዝ የሚባል ደም አፍሳሽ ሆነ። ዴን የሸሸው ሸክም ምንም ያላጠፋ ልጅ ትከሻ ላይ ወደቀ ማለት ነው።

ስለዚህ ወንድሜ፣ አዋሽ ብትወረውረው አንድ ክረምት ውሃው ገፍቶ ያወጣዋል፣ የሚያገኘው ደግሞ ከብት ሊያጠጣ የወረደ ልጅ ነው። ዴን ይሄን ስለሚያውቅ ነው የማይጥለው። ብዙ ሰው የሱ ጀግንነት ክንፍ ያለው ፈረስ ላይ ሆኖ ሰይፉን ሲያወዛውዝ ይመስለዋል፣ ለኔ ግን ጀግና የሚሆነው ሰይፉ አፎቱ ውስጥ እያለ ነው፣ እዛው ወገቡ ላይ፣ እየከበደው፣ ሳይመዘው የዋለበት ቀን። እንደዚህ አይነት ቀን ኮሚክ ላይ መሣል ከባድ ነው፣ ምንም ነገር ሲፈጸም አይታይማ፣ ግን ያሉትን ጥቂት ገጾች ደጋግሜ ነው የማያቸው።

«ስድስት ኪሎ ተማሪ ነኝ። ሰይፉን የሚይዘው ንጹሕ ልብ ያለው ብቻ ነው ሲባል ነበር፣ አሁን ደግሞ ተቃራኒው ነው ይላሉ። የቱ ነው ትክክል?»

ሁለቱም፣ በየጊዜያቸው። በድሮው ታሪክ ናታን ጋሬት የሰር ፐርሲ መቃብር ጋ ሄዶ ሰይፉን ሊመዘው ሞከረ፣ አይገባህም ተብሎ እምቢ አለው፣ ዴን ሲሞክር ወጣለት፣ ስለዚህ ሁላችንም የልብ ንጽሕና ነው መስፈርቱ ብለን አመንን። እ.ኤ.አ. በ2021 ሳይመን ስፐሪየር ሲጽፈው ነገሩን ገለበጠው። ንጽሕና የተባለው ውሸት ነው፣ ሰይፉ ጉልበት የሚያገኘው በያዘው ሰው ልብ ውስጥ ካለው ጨለማ ነው አለ። መጀመሪያ ሳነበው በጣም ነው የተናደድኩት። ዴን ዕድሜ ልኩን «የተመረጥኩት ጥሩ ስለሆንኩ ነው» ብሎ የተጽናናባትን አንዲት ነገር ቀሙት ብዬ። እያደር ግን ሐሳቤን ቀየርኩ፣ ምክንያቱም ጨለማ ልቡ ውስጥ እንዳለ እያወቀ ጥሩ ለመሆን የሚታገል ሰው ንጹሕ ነህ ከተባለ ሰው የበለጠ ይቀርበኛል። አንተ የመጀመሪያውን ብትመርጥ አልፈርድብህም፣ ድሮ ያነበብነው አይለቀንም።

«ኢተርናልስ ፊልም መጨረሻ ላይ ዴን ሳጥን ከፍቶ ሰይፉን ሊነካ ሲል የሚያናግረው ድምፅ የማን ነው?»

የብሌድ ነው፣ የቫምፓየር አዳኙ፣ ተዋናዩ ማህርሻላ አሊ። የ2021ዱ ኢተርናልስ ዳይሬክተር ክሎይ ዣው ራሷ አረጋግጣዋለች። ዴንን የሠራው ኪት ሃሪንግተን ነው። ያቺን ትዕይንት ደግማችሁ ስታዩ ጣቱን ተመልከቱ፣ ጥቁሩ ነገር ሕይወት እንዳለው ወደሱ ሲሳብ።

«ልጄ 13 ዓመቱ ነው። እርግማን ያለበት ሰይፍ ምናምን እያለ ቀኑን ሙሉ ያነባል፣ ጎረቤቶቼ መጥፎ መንፈስ ያስገባበታል አሉኝ። ልከልክለው?»

እትዬ፣ ስጋትዎ ይገባኛል፣ ንቄው አላልፍም። ግን ከመከልከልዎ በፊት አንድ ምሽት አጠገቡ ይቀመጡና ታሪኩን ራሱ እንዲያወራልዎ ይጠይቁት። የሚሰሙት ስለ ጥንቆላ አይመስለኝም። አያቶቹ ያጠፉት ጥፋት እሱ ላይ ስለወደቀ፣ እንደነሱ ላለመሆን ስለሚታገል ሰው ነው የሚሰሙት። ከዛ እርስዎ ደግሞ ትንቢተ ሕዝቅኤል ምዕራፍ 18ን ያውጡለት፣ አባቶች ጨርቋ የወይን ፍሬ በሉ የልጆችም ጥርሶች ጠረሱ የሚለውን ምሳሌ ሁለተኛ እንዳትመስሉት ብሎ እግዚአብሔር የተናገረበትን። ልጁ ያባቱን ኃጢአት አይሸከምም ይላል እዛ። ዴን ዊትማን ይሸከማል። ለምን ይሆን ብለው ይጠይቁት እስቲ። የ13 ዓመት ልጅ እናቱ የሚወደውን ነገር ከልቧ ስትጠይቀው ምን እንደሚሆን ያዩታል። ደም የበዛባቸው ገጾች አሉ፣ እነሱን አብረው ይለፏቸው።

«ቤታችን የአያቴ ጎራዴ አለ። አርበኛ ነበር። እናቴ "ይሄ ነገር ያለበት ቤት ሰላም የለውም" ትላለች፣ ወንድሜ ለውጭ ሰው እንሽጠው ይላል። አንተ ስለ ኮሚኩ ስትጽፍ የኛ ቤት መሰለኝ።»

እህቴ፣ ያንቺን ደብዳቤ ሦስቴ ነው ያነበብኩት። የኛም ቤት ነበረ። ቀይ ቆዳ አፎት፣ ጫፉ የተሰነጣጠቀ፣ ቁም ሳጥን ጀርባ ቆሞ። ዘጠኝ ዓመቴ ላይ ማንም ሳያየኝ ልመዘው ሞከርኩ፣ ፊልም ላይ እንደሚጮኸው አይደለም፣ ቆዳው ውስጥ እየተጎተተ ነው የሚወጣው፣ ግማሽ ላይ ዝገቱ ያዘው፣ እጄን ሳሸተው የሳንቲም ሽታ ሸተተኝ። መልሼ ከተትኩት። እስካሁን ለማንም አልተናገርኩም ነበር።

መጀመሪያ እናትሽን አትከራከሪያት። ጠይቂያት። ሰላም የለውም ስትል የምታውቀው፣ ከአባቷ የሰማችው ነገር ሊኖር ይችላል፣ ምናልባት ከጠላት ውጪ የፈሰሰ ደም፣ ምናልባት በዘመድ መሃል የቀረ ቂም። ደመላሽ የሚል ስም ለልጅ የምናወጣ ሕዝብ ነን'ኮ፣ እንደዚህ አይነት ነገር ቤት ውስጥ ሳይነገር ይኖራል። ከፈለገች ንስሐ አባታችሁን ጥሩላት፣ ይጸልዩ፣ ጸበል ይርጩ፣ ልቧ ይረፍ።

ወንድምሽን ደግሞ አስቁሚው። የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209/1992 አለ፣ ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም፣ መጀመሪያ ቅርስ ባለሥልጣን ሄዳችሁ አሳዩት። እጀታው የአውራሪስ ቀንድ ከሆነ፣ የድሮዎቹ ብዙ ጊዜ ናቸው፣ እሱን ድንበር አሻግሮ መሸጥ በዓለም አቀፍ ሕግም የተከለከለ ነው። ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት እንዳትፈትጉት፣ ስለቱ ላይ ጽሑፍ ወይ የአንበሳ ምስል ካለ አብሮ ይጠፋል። በለስላሳ ጨርቅ የስፌት መኪና ዘይት ስስ አድርጋችሁ ቀቡትና አፎቱን ለብቻው አስቀምጡት፣ ቆዳው እርጥበት ስለሚይዝ ብረቱን የሚበላው እሱ ነው። የምትወስኑትን ደግሞ እናትሽ ባለችበት ወስኑ።

«ሠዓሊ ነኝ፣ 22 ዓመቴ ነው፣ ካዛንቺስ ነበርን አሁን ተዛውረናል። በኛ አገር እንደ ብላክ ናይት አይነት ኮሚክ ልሠራ ነው፣ የአያቷን ሰይፍ የወረሰች ልጅ። ከየት ልጀምር?»

ከሰይፉ ጀምሪ! ቀጥ ያለውን የፈረንጅ ሰይፍ ግን እባክሽ አትሣይው። ሾተል አለልሽ፣ እንደ ማጭድ የጎበጠ፣ በባላንጣ ጋሻ ዙሪያ አልፎ ከኋላ የሚገባ፣ እንደዛ ያለ መሣሪያ የያዘ ሰው አቋሙ ራሱ ይለያል፣ ትከሻው ይዞራል፣ ከአውሮፓው ፈረሰኛ ኮርጀሽ አታገኚውም። የድሮ ሰዎቻችን ጎራዴን በቀኝ ጎናቸው ነበር የሚታጠቁት፣ ይሄን ትንሽ ነገር የሚያውቅ አንባቢ ሲያይ ደስ ይለዋል። የካቲት 23 ጠዋት ምኒልክ አደባባይ ውጪ፣ ሚያዝያ 27 ደግሞ አራት ኪሎ የድል ሐውልቱ ጋ፣ ስኬች ቡክሽን ይዘሽ። የአርበኛ ልብስ ለብሰው የሚመጡ አባቶችን ታያለሽ፣ ፊታቸውን ብቻ አትሣይ፣ እጃቸውን ሣዪ፣ ደክሟቸው ሲቀመጡ ጎራዴውን የት እንደሚያሳርፉት፣ ጉልበታቸው ላይ ነው ወይስ መሬት፣ ማንን አስይዘውት ውሃ እንደሚጠጡ።

እርግማኑን ደግሞ ከማርቭል አትውሰጂው፣ ከሰማይ የወደቀ ድንጋይ አያስፈልግሽም። ልጅቷ ሰይፉን ስትወርስ አንድ ቤተሰብ ወደ ቤታቸው መጥቶ ደጃፍ ላይ ቆሞ ምንም ሳይናገር ቢያያትስ? የማን ልጆች እንደሆኑ እናቷ ታውቃለች፣ እሷ አታውቅም። ከዛ ቀጥይው። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ገጾች እንደጨረስሽ ላኪልኝ፣ እርሳስም ይሁን፣ አነበዋለሁ።