«መድኃኒቱ መሆኑን ሳላረጋግጥ ሪፖርት ላድርግ ወይ?» ላልሽው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ የራሴ የመጀመሪያ የሥራ ዓመት ትዝ አለኝ። ላላነበቡት ባጭሩ ልድገመው። አንድ ሰውዬ አንቲባዮቲክ በጀመረ በሦስተኛው ቀን ደረቱና ክንዱ ሽፍ ብሎበት ፋርማሲሽ መጥቶ አሳየሽ። የመድኃኒት የጎንዮሽ ጉዳት ብዬ ሪፖርት ላድርግ ስትዪ አብሮሽ የሚሠራው ልጅ «ያዘዘው ሐኪም ይጨነቅበት፣ ደግሞስ መድኃኒቱ መሆኑን በምን አወቅሽ?» አለሽ። አንቺም ሐኪሙን መክሰስ እንዳይመስል ሠግተሽ፣ የእኔ ሥራ ነው ወይ፣ እርግጠኛ ሳልሆንስ ይቻላል ወይ ብለሽ ጠየቅሽ።

ለሁለቱም አዎ። ልጁን ግን አልፈርድበትም፣ እኔም እንደሱ ነበርኩ።

መጀመሪያ «የእኔ ሥራ ነው ወይ» ያልሽውን ልያዝ። አንዲት እናት ነበሩ፣ ለደረቅ ሳል ሽሮፕ ፈልገው መጡ። ሸጥኩላቸው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሰው መጡ፣ ሌላ ዓይነት ሸጥኩላቸው። በሦስተኛው ግን ትንሽ አፈርኩና ቁጭ አድርጌ ጠየቅኳቸው። አክታ የለውም፣ ማታ ማታ ይብሳል፣ ጉሮሯቸውን ይከረክራቸዋል። «ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» ስላቸው «ኧረ የለም» አሉ። ቦርሳቸውን ሲከፍቱ ግን ኢናላፕሪል ብቅ አለ። «ይቺማ የግፊቴ ናት፣ የየቀኑ ናት እኮ» አሉኝ። ለሳቸው የየቀኑ መድኃኒት ከመድኃኒት አይቆጠርም። ይሄን ብዙ ሰው ላይ ታዪዋለሽ።

ኢናላፕሪልና ዘመዶቹ ደረቅ ሳል እንደሚያመጡ ሁላችንም ተምረናል፣ ተፈትነንበታልም። ሳሉ የጀመራቸው ክኒኑን ከጀመሩ በኋላ ነው። ለሐኪማቸው ማስታወሻ ጽፌ ሰጠኋቸው፣ ሎሳርታን ወደሚባል ሌላ የግፊት መድኃኒት ተቀየረላቸው፣ ሳሉም ከሳምንታት በኋላ ለቀቃቸው። ሐኪሙ ምን ሊያውቅ ይችል ነበር? የሚያገኛቸው በቀጠሮ ነው፣ የሚያየውም ግፊታቸው መውረዱን ነው። ሦስቴ ለሳል ሽሮፕ መምጣታቸውን የሚያውቅ ሰው በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም እኔ ነበርኩ፣ ሁለቴ ዝም ብዬ የሸጥኩት። በአንድ መድኃኒት ጉዳት ላይ ሌላ መድኃኒት የሚደረበው እንዲህ ነው። ሰው ጉዳቱን ሐኪም ቤት ከመሄዱ በፊት መጀመሪያ ለእኛ ነው የሚያመጣው። «ሽፍታ ሆነብኝ፣ ቅባት ስጪኝ» ይልሻል፣ ወይም የሆድ ድርቀት መድኃኒት ይጠይቅሻል፣ ከጀርባው ያለውን ክኒን ግን ሳትጠይቂው አይነግርሽም።

አጠያየቁም ወሳኝ ነው። «የጎንዮሽ ጉዳት አጋጥሞዎታል?» ብለሽ ከጠየቅሽ ከአሥሩ ዘጠኙ «የለም» ይሉሻል። «መድኃኒቱ እንዴት ይዞዎታል? ከጀመሩት ወዲህ አዲስ ነገር አለ?» ብትዪ ግን ወሬው ይመጣል።

አሁን ወደ እርግጠኝነቱ። ሪፖርቱ የሚጠይቅሽ ጥርጣሬ ነው። ማስረጃ የማጣራት ሥራ የሌሎች ነው፣ እነሱም ማጣራት የሚችሉት ከብዙ ቦታ የመጣ ጥርጣሬ ሲከማችላቸው ብቻ ነው። ታሊዶማይድን አስታውሺ። በ1957 እ.ኤ.አ. ምዕራብ ጀርመን ውስጥ ለእንቅልፍ ተብሎ ለገበያ ቀረበ፣ ነፍሰ ጡሮችም ለማቅለሽለሽ ወሰዱት። ከ10,000 በላይ ሕፃናት እጅና እግራቸው በትክክል ሳያድግ፣ ሌላም ጉዳት ይዘው ተወለዱ። በ1961 መጨረሻ ዊሊያም ማክብራይድ የሚባል አውስትራሊያዊ ሐኪም ላንሴት ለተባለው የሕክምና መጽሔት የጻፈው ደብዳቤ አጭር ነበር። ደግሞም የሚያልቀው በጥያቄ ነው፤ ከእናንተ መሀል ተመሳሳይ ነገር ያየ አለ ወይ ይላል። ጀርመን ውስጥም ዊዱኪንድ ሌንዝ በዚያው ሰሞን ያንኑ ጠርጥሮ ነበር። ሁለቱም መድኃኒቱ እንዴት እንደሚጎዳ አያውቁም ነበር፣ ግን ዝም አላሉም። ዛሬ የምንሞላው ቅጽ የመጣው ከዚያ መከራ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንዲህ ያለውን ሪፖርት የሚሰበስበውን ፕሮግራም በ1968 በ10 አገሮች ጀመረ፣ ዛሬ ስዊድን ኡፕሳላ ከተማ ያለው የሪፖርቶች ቋት ከ30 ሚሊዮን በላይ ሪፖርት ይዟል። አብዛኛው እንዳንቺ ከተጠራጠረ ሰው የመጣ ነው።

«ቀድሞ ተሞክሮ ፀድቆ የለ?» የሚልም አይጠፋም። ሂሳቡን አብረን እንሥራው። አንድ መድኃኒት ከመፅደቁ በፊት 3,000 ሰው ላይ ተሞከረ እንበል። ከ10,000 ሰው አንዱን ብቻ የሚጎዳ ችግር ካለው እዚያ ጥናት ላይ ላይታይ ይችላል፣ እንዲያውም ላለመታየቱ የበለጠ ዕድል አለው። ያ አንድ ሰው የሚገለጠው መድኃኒቱ መደርደሪያችን ላይ ከወጣ በኋላ ነው። ጥናቱ ውስጥ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ነፍሰ ጡር የለችም፣ አምስት ዓይነት ክኒን አብረው የሚውጡ አዛውንትም የሉም። እኛ ጋ ግን በየቀኑ ይመጣሉ።

እስካሁን የሚቆጨኝን ልንገርሽ። አንድ ወጣት ኮትሪሞክሳዞል የሚባለውን አንቲባዮቲክ ወስዶ መጣ። ዓይኑ ቀልቷል፣ ከንፈሩ ቆስሏል፣ አንገቱ ላይ ጠቆር ያለ ሽፍታ አለ። ደነገጥኩ። ክኒኑን አቁም፣ አሁኑኑ ሆስፒታል ሂድ አልኩት፣ ሄደም። እስከዚህ ደህና ነበርኩ። ሪፖርቱን ግን «ነገ እሞላዋለሁ» አልኩ። ነገ ወረፋ ነበር፣ ከነገ ወዲያ ቆጠራ ነበር። ከሳምንታት በኋላ ሚስቱ መጥታ ተኝቶ እየታከመ እንደሆነ ስትነግረኝ ቅጹን አወጣሁ። ስልኩን አልያዝኩም፣ የጀመረበትን ቀን አልጻፍኩም። ባች ቁጥሩን (መድኃኒቱ በየትኛው ዙር እንደተመረተ የሚያሳየውን) ብዬ ስትሪፑን፣ ማለትም የክኒኑን ማሸጊያ፣ ከሚስቱ ብቀበል ጫፉ የለም። ቁጥሩ የታተመበትን ጫፍ ስንሸጥ በመቀስ ቆርጠን እኛው አስቀርተነዋል! ቅጹን በክፍት ቦታዎች ሞልቼ ላክሁት። ከዚያ ወዲህ ስትሪፕ ስቆርጥ ቁጥር ያለበትን ጫፍ መጨረሻ እሸጣለሁ፣ ባችና ማብቂያ ቀኑንም ፖስታው ላይ እጽፋለሁ። አሥር ሰከንድ ነው።

ቅጹ ሲታይ ያስፈራል እንጂ የግድ የሚያስፈልጉት አራት ናቸው፤ ታካሚው (ሙሉ ስም ሳይሆን የስም መነሻ ፊደል፣ ዕድሜና ፆታ ይበቃል)፣ የተጠረጠረው መድኃኒት፣ የደረሰው ነገር፣ እና ሪፖርት አድራጊዋ አንቺ። ሌላው ቢሟላ ይሻላል፣ በተለይ መቼ ጀመረ፣ መቼ አቆመ፣ ሲያቆም ተሻለው ወይ የሚለው። ባህላዊ መድኃኒትም ከወሰደ ጻፊው። ጊዜ ከሌለሽና መምረጥ ካለብሽ ቅድሚያ ለከባዱ ስጪ፦ ሆስፒታል ላስተኛ፣ ሕይወትን አደጋ ላይ ለጣለ፣ አካል ለጎዳ፣ ፅንስ ለነካ። ከዚያ ለአዲስ መድኃኒትና መጽሐፍ ላይ ላላየሽው ነገር። የኢናላፕሪል ሳል ዓይነቱ ቢዘገይም ብዙ አልከራከርሽም።

ሐኪሙን መክሰስ ይመስላል ላልሽው፣ ሪፖርቱ ክስ አይደለም። ትክክለኛ መድኃኒት በትክክለኛ መጠን ታዝዞም ይጎዳል። ሐኪሙን ግን ቀድመሽ በስልክ ብትነግሪው ጥሩ ነው፣ እኔ እንደዛ ሳደርግ የተቆጣኝ አንድ ሰው ብቻ ነው፣ እሱም በኋላ ራሱ ደውሎ ሌላ ታካሚ ነገረኝ። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። የሚጥል በሽታ ወይም የቲቢ መድኃኒት የሚወስድ ሰው በአንቺ ቃል ብቻ ደንግጦ እንዳያቆም፣ ከሐኪሙ ጋር አገናኚው።

የሰውዬሽን ስልክ ይዘሻል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ዛሬውኑ ደውዪለት። ሽፍታው ተስፋፍቷል ወይ፣ አፉ ወይም ዓይኑ ነክቶታል ወይ፣ ትኩሳትስ አለው ወይ ብለሽ ጠይቂው። ከእነዚህ አንዱም ቢኖር ነገ አይባልም፣ አሁኑኑ ሆስፒታል። የተረፈውን ክኒንም ከነማሸጊያው እንዳይጥለው ንገሪው።