ጉዝቤሪ፣ ስትሮቤሪና አጋም በጓሮ፦ ከሐረርና ከድሬዳዋ ለደረሱን ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

ጥያቄ፦ የምኖረው ሐረር፣ ከጀጎል ግንብ ውጭ ሸዋ በር አካባቢ ሲሆን አነስተኛ ጓሮ አለኝ። እንግሊዝ አገር የምትኖር እህቴ ከጥቂት ዓመታት በፊት ሥር የያዘ የጉዝቤሪ ቁጥቋጦ አምጥታልኝ ተከልኩት። ተክሉ አልደረቀም፣ ቅጠልም ያወጣል፤ ሆኖም እስከ ዛሬ አንድም አበባ አላየሁበትም። ፍግ ጨምሬለታለሁ፣ ውኃም አላጓደልኩበትም። ምን ጎደለው?

መልስ፦ የጎደለው ፍግም ውኃም ሳይሆን ብርድ ነው። እህትዎ ያመጡልዎት እሾሃማው የአውሮፓ ጉዝቤሪ ረጅምና ቀዝቃዛ ክረምት ካለው አገር ጋር የተላመደ ነው። ቅጠሉን አራግፎ ካንቀላፋ በኋላ፣ ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች በሆነ አየር ውስጥ በድምሩ ብዙ መቶ ሰዓታት ካላሳለፈ በቀር እምቡጦቹ በወጉ አይነቁም። ሐረር ከባሕር ወለል በላይ 1900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ብትገኝም፣ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ቁር ጠዋት ፀሐይ እንደወጣች ስለሚጠፋ ይህን ያህል ሰዓት አያጠራቅምም። ፍግ መጨመር ቅጠሉን ከማብዛት ያለፈ ፋይዳ ስለሌለው፣ ቦታው ጠባብ ከሆነ ቁጥቋጦውን ነቅሎ ለሌላ ተክል ማዋል ይሻላል ባይ ነኝ። በነገራችን ላይ፣ ችግኝ ያለ ማስገቢያ ፈቃድና ያለ ዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት ከውጭ ማስገባት አይፈቀድም፤ በሥሩና በአፈሩ ተሸሽጎ የሚመጣ በሽታ ከአንድ ጓሮ አልፎ የአካባቢውን እርሻ ሊጎዳ ይችላልና።

በምትኩ የምመክርዎ ኬፕ ጉዝቤሪ የሚባለውን፣ ወረቀት በመሰለ ሽፋን ተጠቅልሎ ብርቱካንማ ፍሬ የሚሰጠውን ተክል ነው። ከፊተኛው ጋር ስም ቢጋራም ዝምድና የለውም። ዘሩ ከደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች የመጣ፣ የቲማቲም፣ የድንችና የቃሪያ ቤተሰብ ሲሆን የሐረር ዓይነት ወይናደጋ ይስማማዋል። ዘሩን በመጋቢት መጨረሻ ወይም በሚያዝያ በመደብ ላይ ይዝሩ፤ ለመብቀል ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ሊወስድበት ስለሚችል ተስፋ ቆርጠው መደቡን አይገልብጡት። ችግኙ አንድ ስንዝር ሲሆን፣ የሰኔ ዝናብ ሲይዝ፣ በመካከሉ አንድ ሜትር ያህል ርቀት እየተዉ ያዛውሩት። ቀድሞ ቲማቲም ወይም ድንች በነበረበት ቦታ ግን አይትከሉት፤ የእነዚህ አትክልቶች በሽታና ተባይ ለእርሱም ይተርፋልና። አፈሩ ውኃ የማይቋጥር ከሆነ መጠነኛ ኮምፖስት ይበቃዋል፤ ፍግ ከበዛበት ቅጠሉ ይንዠረገግና ፍሬው ያንሳል። ቅርንጫፎቹ ሲበዙ ስለሚጋደሙ በእንጨት ይደግፏቸው። ሁሉም ነገር ከሰመረ ከመስከረም ጀምሮ ለወራት ይለቅማሉ።

የአውሮፓውን ጉዝቤሪ ጣዕም በተለይ ለኮምጣጣነቱ ከወደዱት ደግሞ፣ በራሳችን ደጋና ወይናደጋ የሚበቅለው ቆሽም አለልዎት። እሾሃም ስለሆነ አጥርም ይሆናል። ወንዴና ሴቴው በተለያየ ዛፍ ላይ ስለሆነ ግን አንድ ብቻ ተክሎ ፍሬ መጠበቅ አይቻልም፤ ብዙ ችግኞች በአጥሩ ዙሪያ ይትከሉ፤ ዓመታት እንደሚወስድም ይወቁት።

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ ሳቢያን ነው የምኖረው። በየካቲት የዘራሁት ኬፕ ጉዝቤሪ በደንብ አድጎ አበባ ቢያወጣም በግንቦት አበባው ሁሉ ረገፈ። ባልዲ ውስጥ የተከልኩት ስትሮቤሪም ቅጠሉ ቢጫ እየሆነ ነው። ድሬዳዋ ላይ እንዲህ ያለ ፍሬ ማብቀል ከንቱ ድካም ይሆን?

መልስ፦ ከንቱ ድካም አይደለም፤ የተሳሳተው ወሩ ነው። ከተማዎ 1200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች በመሆኗ በግንቦትና በሰኔ የቀኑ ሙቀት 35 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል፤ ኬፕ ጉዝቤሪ ደግሞ ሙቀቱ 30ን ሲያልፍ አበባው ፍሬ ለመያዝ ይቸገራል። ስለዚህ ሐረር ላይ የሚዘራበትን ወር ትተው፣ ዘሩን በነሐሴ መጨረሻ ወይም በመስከረም ጥላ ሥር አብቅለው በጥቅምት ያዛውሩት፤ ያን ጊዜ አበባው ከኅዳርና ከታኅሣሥ ቀዝቃዛ ሌሊት ጋር ይገጥምና ፍሬው ከጥር ጀምሮ ይደርስልዎታል። ከቀትር በኋላ ጥላ የሚያገኝበትን የግቢውን ወገን ይምረጡለት፤ ሥሩንም በደረቅ ሣር ወይም በገለባ ይሸፍኑት።

የስትሮቤሪው ነገር የከተማውን ውኃ ይመለከታል። የድሬዳዋ የጉድጓድ ውኃ ኖራ የበዛበት መሆኑን ማንቆርቆሪያዎ ውስጥ ከተጋገረው ነጭ ቅርፊት ያውቁታል። በዚህ ውኃ ዘወትር የሚጠጣ ባልዲ ውስጥ አፈሩ ኖራማ ስለሚሆን ተክሉ ብረት የተባለውን ማዕድን መሳብ ያቅተዋል። ምልክቱም ለጋ ቅጠሎች ላይ ያሉት ጅማት መሳይ መስመሮች አረንጓዴ ሆነው መካከላቸው ቢጫ መሆኑ ነው። ዝናብ ሲጥል ከቆርቆሮው የሚወርደውን በበርሜል አጠራቅመው ለስትሮቤሪው ብቻ ቢያቆዩለት፣ አፈሩንም ግማሽ ያህል በበሰለ ኮምፖስት ቢለውጡት ይሻሻላል። ባልዲው ከታች የተበሳ መሆኑን ያረጋግጡ። ሲተክሉም ቅጠሎቹ የሚወጡበትን እምብርት አፈር እንዳይሸፍነው ይጠንቀቁ፤ ከተቀበረ ይበሰብሳል። በበኩሌ ግን ድሬዳዋ ላይ ስትሮቤሪ ለፍቅሩ እንጂ ለምርቱ አይተከልም እላለሁ።

ለአካባቢዎ ከሁሉ የሚስማማው አጋም ነው። ድርቅ ይችላል፣ እሾሁ ፍየል ይመልሳል፣ ፍሬው ጥቁር ሆኖ ሲበስል ይጣፍጣል፤ ያልበሰለው ነጭ ወተት ስላለው ለልጆች አይሰጥም።

ክሽክሽ የተባለው ጥቃቅን የቅጠል ተባይና ነጭ ዝንብ ከመጣብዎ፣ በከተማው ጎዳናዎች ሞልቶ የሚገኘው የኒም ዛፍ ይረዳዎታል። 50 ግራም የደረቀ የፍሬውን ዘር ውስጠኛ ክፍል ወቅጠው በአንድ ሊትር ውኃ ያሳድሩ፤ አጥልለው ጥቂት ሳሙና ይጨምሩበትና ማታ ማታ የቅጠሉን ጀርባ ይርጩ። ለጫት የሚረጩ ኬሚካሎችን ግን ከዚህ ፍሬ ያርቁ፤ ልጆች ከተክሉ ላይ ቆርጠው እዚያው የሚበሉት ነውና።

ጥያቄ፦ ኬፕ ጉዝቤሪ መብሰሉ በምን ይታወቃል? ከወፍስ በምን ይጠበቃል? (ከሐረር)

መልስ፦ ሽፋኑ አረንጓዴ ከሆነ አይንኩት፤ ያልበሰለው ፍሬ እንደ አረንጓዴ ድንች ሆድ የሚያውክ መርዛማ ነገር አለበት። ሽፋኑ ገለባ መስሎ ሲደርቅና ውስጡ ብርቱካንማ ሲሆን ደርሷል፤ አብዛኛው በራሱ መሬት ላይ ስለሚወድቅ ከሥሩ ገለባ ማንጠፍ ለቀማውን ያቀልላል። ሽፋኑን ሳይገፍፉ ነፋስ በሚያገኘው ደረቅ ቦታ ካስቀመጡት ሳምንታት ይቆያል። ስትሮቤሪ ግን ከተቆረጠ በኋላ አይበስልምና ሙሉ በሙሉ ቀልቶ፣ በጠዋት፣ ከነእግሩ ይቆረጥ።

ወፍ ለመከላከል ብዙ ሰው አሮጌ የአልጋ አጎበር ያለብሳል፤ ይህን አልደግፍም፤ አጎበሩ ፀረ ተባይ የተነከረ ስለሆነ ፍሬ ላይ መዋል የለበትም። ያልተነከረ ስስ የመረብ ጨርቅ ገዝተው፣ ፍሬው ቀለም መያዝ ሲጀምር ብቻ ያልብሱት፤ ቀድመው ከሸፈኑት ንቦች አበባው ላይ መድረስ አይችሉምና የስትሮቤሪው ፍሬ ጠማማ ይሆናል። ከመብል የተረፈው ኬፕ ጉዝቤሪ ለማርማላታ ተስማሚ ነው፤ በተፈጥሮው የሚያረጋ ንጥረ ነገር ስላለው ለአንድ ኪሎ ፍሬ ሦስት ሩብ ኪሎ ስኳርና የአንድ ሎሚ ጭማቂ ይበቃዋል።