የጎማ ንፋስ መብራት ብልጭ ድርግም ብሎ በርቶ ሲቀር
አራቱንም ጎማ ካስነፋህ በኋላም ሞተር ስታስነሳ ዳሽቦርዱ ላይ ያለው የጎማ ንፋስ መብራት ለአንድ ደቂቃ ያህል ብልጭ ድርግም ብሎ በርቶ የሚቀረው ንፋስ ስላነሰ አይደለም፤ የንፋስ መቆጣጠሪያው ራሱ ስለተበላሸ ነው። ንፋስ ሲጎድል ሳይርገበገብ ቀጥ ብሎ ይበራል።

አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ቸርኬው ውስጥ ከቫልቩ ጋር የተያያዘው ንፋስ የሚለካው ሴንሰር ባትሪ ማለቅ ነው። ባትሪው ከ5 እስከ 10 ዓመት ይቆያል። ባትሪው ለብቻው ስለማይቀየር ሴንሰሩ በሙሉ ይለወጥና ከመኪናው ኮምፒውተር ጋር ይተዋወቃል። የትኛው እንደሞተ በስካነር ይታያል። ስኮርታ ገጥመህ ከሆነ ግን መጀመሪያ እሱን ጠርጥር፤ ብዙ ጊዜ ሴንሰር የለውም። ጎሚስታው ጎማውን ከቸርኬው ሲያወጣ ሴንሰሩን በፌሮ እንዳይሰብረውም አስቀድመህ ንገረው።

መብራቱ ቢሠራም ብዙ አትመነው። የአሜሪካ ሕግ እንዲበራ የሚያስገድደው ግፊቱ ከተመከረው በ25 በመቶ ሲወርድ ነው፤ 32 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) የሚይዝ ጎማ 24 እስኪደርስ ዝም ሊልህ ይችላል። በወር አንዴ ጠዋት ሳትነዳ በጌጅ ለካ። ልኩ የሾፌሩ በር ፍሬም ላይ ተለጥፏል፤ ጎማው ጎን ላይ የተጻፈው የመጨረሻው ጣሪያ ስለሆነ በእሱ አታስነፋ።