ገበሬ የሚቈጣጠረው ኮሌጅ፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

ባለፈው ስለ ዓለማያ እርሻ ኮሌጅ፣ ስለ ዛሬው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ፣ ስጽፍ ያቋቋሙት መምህራን ከአሜሪካው የኦክላሆማ እርሻና መካኒካል ኮሌጅ እንደመጡ አንስቼ ነበር። ብዙዎቻችሁ ስለዚያ ኮሌጅ የድሮ አስተዳደር ጠይቃችሁኛል። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ኮሌጁን የሚያስተዳድረው ማን ነበር? የፌዴራሉ መንግሥት ነው?

አይደለም፣ ክፍለ ግዛቱ ነው። ኦክላሆማ በ1907 ክፍለ ግዛት ስትሆን ሕገ መንግሥቷ የግብርና ቦርድ አቋቋመ። አባላቱ 11 ሲሆኑ ሁሉም ገበሬ መሆን ነበረባቸው። ይኸው ቦርድ የኮሌጁም የበላይ ሆነ። ሐሳቡን እወደዋለሁ። ኮሌጁ የተከፈተው ለገበሬው ልጅ ነው፤ ታዲያ አባትየው ቢቈጣጠረው ምን ነውር አለው?

ችግሩ ቦርዱ ከፖለቲካው አለመራቁ ነበር። ከ1908 እስከ 1928 ባሉት 20 ዓመታት ውስጥ ቢያንስ ስድስት ሰዎች በፕሬዚዳንቱ ወንበር ተፈራርቀዋል። የ1923ቱ ታሪክ ደግሞ ያሳዝነኛል። ጃክ ዋልተን የክፍለ ግዛቱ ገዥ ሆኖ የተመረጠው በገበሬዎችና በሠራተኞች ንቅናቄ ድጋፍ ነው። ከንቅናቄው ሰዎች አንዱ የነበረው ጆርጅ ዊልሰን የኮሌጁ ፕሬዚዳንት እንዲሆን ተደረገ። ተማሪው፣ የቀድሞ ተመራቂው፣ ኮሌጁ ያለበት የስቲልዋተር ከተማ ሰው «ለቦታው አይመጥንም» ብሎ ተነሣ። ዊልሰን ጥቂት ወራት እንኳ ሳይቆይ ወረደ። በኅዳር ወር ራሱ ዋልተን በምክር ቤቱ ተከሶ ከሥልጣን ተነሣ። ኮሌጁ የራሱ ቦርድ እንዲኖረው ሕገ መንግሥቱ የተሻሻለው በ1944 ነው። ዘግይቷል፣ በጣም ዘግይቷል።

ገንዘቡስ ከየት ይመጣ ነበር?

ከክፍለ ግዛቱም ከፌዴራሉም። የ1887ቱ የፌዴራል ሕግ ለምርምር ጣቢያ በዓመት 15,000 ዶላር ይሰጥ ነበር፤ የ1890ው ሕግ ደግሞ ለማስተማሪያ የሚሆን ሌላ ገንዘብ ጨመረ። የምርምሩን ብር ለማስተማሪያ ማዋል አይፈቀድም ነበር። ሆኖም ጠዋት የሚያስተምረውና ከሰዓት የሙከራ ማሳ የሚጎበኘው ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ነው። የደሞዙን ሂሳብ ለይቶ መያዝ ራሱን የቻለ ሥራ ነበር። በ1914 የኤክስቴንሽን ሕግ ሲወጣ ሦስተኛ ኪስ ተጨመረ፤ የኛን የልማት ጣቢያ ሠራተኛ የሚመስለው የወረዳ ግብርና ባለሙያ የሚከፈለው ከዚህ ነበር።

ጥቁሮችስ ይማሩበት ነበር?

አይማሩበትም ነበር። ለእነሱ በ1897 በዚያው ክፍለ ግዛት በላንግስተን ከተማ ሌላ ተቋም ተቋቋመ። በ1906 ለኮሌጆች መሬት ሲሰጥ ለስቲልዋተሩ 250,000 ኤከር፣ ለላንግስተኑ 100,000 ኤከር ተመደበ። ልዩነቱ እዚያው በሕጉ ላይ ተጽፎ ይገኛል። በስቲልዋተር የመጀመሪያዋ ጥቁር ተማሪ ናንሲ ራንዶልፍ ዴቪስ የገባችው በ1949 ነው።

ከኛ ጋር ያገናኘው ማን ነው?

ሄንሪ ቤኔት። በ1928 ፕሬዚዳንት ሆኖ ከ20 ዓመት በላይ ቆየ፤ ወንበሩም በመጨረሻ ረጋ። በ1950 ኢትዮጵያ መጥቶ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ተነጋገረ። በታኅሣሥ 1951 ቴህራን አጠገብ በደረሰ የአውሮፕላን አደጋ ከባለቤቱ ጋር ሞተ። የዓለማያ ኮሌጅ ስምምነት የተፈረመው በ1952 ነው፤ ዓለማያን ሳያይ ቀረ።