ፓርኪንሰን ያለ ኤምአርአይ ይታወቃልን? መድኃኒቱስ ለምን ከሰዓቱ በፊት ይለቃል?

ውድ እህቴ፣ ጥያቄዎን ደጋግሜ አነበብሁት። እናትዎ ከ3 ዓመት በፊት በነርቭ ሐኪም ሲታዩ ኤምአርአይ (የአንጎል ምስል የሚያነሣ መሣሪያ) ሳይታዘዝላቸው፣ ጣታቸውን እንዲያነካኩና እንዲራመዱ ብቻ ተደርገው «ፓርኪንሰን ነው» መባላቸው እስከ ዛሬ እንደሚከነክንዎት፣ የታዘዘላቸው ሌቮዶፓ የተባለው የፓርኪንሰን መድኃኒት መጀመሪያ በደንብ ረድቷቸው አሁን ግን የሚቀጥለው ክኒን ሳይደርስ እንደሚለቃቸው፣ ዘመዶችም «ቶሎ ስለጀመሩት ሰውነታቸው ለመደው» እንደሚሉ፣ መጠኑን ራስዎ ቢጨምሩላቸው ምን እንደሚሆን ጽፈዋል። እኔ ሐኪም አይደለሁም። አባቴን በዚህ ሕመም ለ11 ዓመታት አስታምሜአለሁ፤ የምጽፈውም በእነዚያ ዓመታት ከሐኪሞቹ የተማርሁትንና በዓይኔ ያየሁትን ነው።

ሐኪሙ በዓይናቸውና በእጃቸው ያደረጉት ነገር ራሱ ምርመራው ነው። ፓርኪንሰን የሚመጣው በአንጎል ውስጥ ዶፓሚን የተባለውን እንቅስቃሴን የሚያግዝ ንጥረ ነገር የሚያመርቱ ሕዋሳት ቀስ በቀስ ሲሞቱ ሲሆን፣ ይህ ጉዳት በተለመደው ኤምአርአይ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ለይቶ አይታይም። ኤምአርአይ የሚታዘዘው በአመዛኙ ሌላ ምክንያት፣ ለምሳሌ የአንጎል ደም ሥሮች ጉዳት ወይም በአንጎል ውስጥ የፈሳሽ መጠራቀም፣ ሲጠረጠር ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣው ዓለም አቀፍ የምርመራ መስፈርትም የሚነሣው ከእንቅስቃሴ መዘግየት ነው፤ ከእርሱ ጋር የጡንቻ መገተር፣ ወይም አካል ባረፈበት ጊዜ የሚመጣ መንቀጥቀጥ፣ ወይም ሁለቱም ሊገኙ ይገባል። በ1817 እ.ኤ.አ. ሕመሙን በጽሑፍ የገለጸው ጄምስ ፓርኪንሰን እንኳ ከተረካቸው 6 ሰዎች አንዳንዶቹን ያስተዋላቸው መንገድ ላይ ነበር።

አባቴ ሲጀምረው አልተንቀጠቀጠም። ሲሄድ ቀኝ እጁ አይወዛወዝም ነበር፤ የእጅ ጽሑፉም ከመስመሩ መጨረሻ ሲደርስ እየደቀቀ ይሄዳል። ትከሻውን ያመው ስለነበር ከአንድ ዓመት በላይ የታከመው የመገጣጠሚያ ሕመም ተብሎ ነው፤ ፓርኪንሰን ሁሉ በመንቀጥቀጥ የሚጀምር ስለመሰለን ሌላ ነገር አልጠረጠርንም። በመጨረሻ ያየችው የነርቭ ሐኪም አውራ ጣቱንና ሌባ ጣቱን በፍጥነትና በሰፊው እንዲያገናኝ አዘዘችው። የመጀመሪያዎቹ አራት አምስት ምቶች ሰፊ ነበሩ፤ ከዚያ በኋላ ግን እየጠበቡ፣ እየዘገዩ፣ በመካከልም እየቆሙ ሄዱ። ዋናው ምልክት ይህ እየቀነሱ መሄድ እንጂ ዝግታው ብቻ እንዳልሆነ የነገረችኝ ያን ዕለት ነው። ከዚያ ክርኑን እያጠፈችና እየዘረጋች በሌላው እጁ አየር እንዲጨብጥና እንዲለቅ ባደረገችው ጊዜ፣ ክንዱ ጥርስ እንዳለው ማሽን እየተንገጫገጨ ሲታጠፍ አየሁ። እጁን ጭኑ ላይ አሳርፎ ከ100 ወደ ኋላ እንዲቆጥር ስታደርገው ደግሞ ያልጠበቅነው መንቀጥቀጥ ጣቶቹ ላይ ብቅ አለ። ከኋላው ቆማ ትከሻውን ወደ ራሷ ሳብ በማድረግ ሚዛኑን ፈተነች፤ ተኝቶ ሳለና ከተነሣ ከ3 ደቂቃ በኋላ የደም ግፊቱን ለካች። ሽታ ይሰማው እንደሆነ፣ የሆድ ድርቀት እንዳለበት፣ በእንቅልፉ እየጮኸ ይራገጥ እንደሆነም ጠየቀችን። እናቴ «እሱማ ዓመታት ሆነው» ብላ መመለሷን አልረሳም፤ እነዚህ ነገሮች የእንቅስቃሴው ችግር ከመታየቱ ከዓመታት በፊት ሊጀምሩ ይችላሉ።

እንግዲህ የእናትዎ ሐኪም እንዲህ ያለ ምርመራ አድርገው ከሆነ፣ መድኃኒቱም በግልጽ ከረዳቸው፣ ውሳኔውን የሚደግፍ ማስረጃ አለዎት፤ ለሌቮዶፓ ጥሩ ምላሽ መስጠት ራሱ ከምልክቶቹ አንዱ ነውና። ሐኪሙ ነገሩን እንደገና እንዲመረምሩ መጠየቅ የሚገባው ሕመምተኛው ገና ከመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጀምሮ ደጋግሞ የሚወድቅ ከሆነ፣ ዓይኑን ወደ ላይና ወደ ታች ማንቀሳቀስ ካቃተው፣ ሕመሙ ከጅምሩ በሁለቱም ጎን እኩል ከታየ፣ በቂ መጠን ያለው ሌቮዶፓም ምንም ካልፈየደ ነው። ወጣት ላይ ሲታይ ዊልሰን የተባለው የመዳብ መጠራቀም በሽታ መመርመር አለበት።

«ለመደው» ስለሚለው አስተያየት በጣም አዝናለሁ፤ እኛንም ብዙ አስከፍሎናልና። አባቴ ይህንኑ ሰምቶ ክኒኑን ግማሽ እያደረገ ሁለት ዓመት ያህል በድብቅ ሲወስድ፣ መራመድ እየቻለ ሳይራመድ ቀረ። በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመ በጋናና በጣሊያን የሚኖሩ ሕመምተኞችን ያነጻጸረ ጥናት ነበር፤ ጋናውያኑ ሌቮዶፓን የጀመሩት ዘግይተው ቢሆንም፣ የመድኃኒቱ ኃይል መለዋወጥና ያለ ፈቃድ መወራጨት የመጡባቸው ሕመሙ በጀመረ ተመሳሳይ ጊዜ ላይ ነው። ለውጡን በዋናነት የሚያመጣው የሕመሙ ዕድሜ እንጂ በመድኃኒቱ ላይ የተቆጠሩት ዓመታት አይደሉም ማለት ነው። ሌቮዶፓ በደም ውስጥ ዕድሜው አጭር ነው፤ መጠኑ በግማሽ ለመቀነስ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ብቻ ይበቃዋል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የቀሩት ሕዋሳት ከሌቮዶፓው የሚገኘውን ዶፓሚን አጠራቅመው ቀስ እያሉ ስለሚለቁት ክፍተቱ አይሰማም፤ ሕዋሳቱ ሲያልቁ ግን ሰውነት የክኒኑን ሰዓት ተከትሎ ይነሣል፣ ይወድቃል።

ስለዚህ መጠኑን በራስዎ እንዳይጨምሩ እለምንዎታለሁ፤ ችግሩ ብዙ ጊዜ ከመጠኑ ይልቅ ከሰዓቱ ነው። እኛን የጠቀመን አንድ ተራ ደብተር ነበር። ቀኑን በግማሽ ግማሽ ሰዓት ከፍለን፣ ክኒን የተወሰደበትን፣ ምግብ የተበላበትን፣ መድኃኒቱ የያዘበትን፣ የለቀቀበትንና ሰውነቱ የሚወራጭበትን ሰዓት ለ3 ተከታታይ ቀናት ጻፍን። ሐኪሟ ደብተሩን አይታ የቀኑን ጠቅላላ መጠን ሳትነካ 3 ጊዜ የነበረውን ወደ 5 ጊዜ ከፋፈለችው። ከምሳ በኋላ የሚመጣው መጥፎ ሰዓትም ክኒኑ ከሥጋ ጋር ስለሚወሰድ እንደሆነ ታየ፤ ፕሮቲን ሌቮዶፓን በአንጀትም ወደ አንጎል በሚገባበትም በር ላይ ይሻማዋል። ከምግብ 30 ደቂቃ በፊት ወይም 1 ሰዓት በኋላ እንዲሆን አደረግን። የብረት ክኒን የሚወስዱ ከሆነም ከሌቮዶፓው መራቅ አለበት።

ከዚህ ሲያልፍ ሐኪሞች የሚጨምሯቸው መድኃኒቶች አሉ። ኤንታካፖን የእያንዳንዱን ክኒን ዕድሜ ያራዝማል፤ ሽንትን ብርቱካናማ ስለሚያደርግ አይደንግጡ። ፕራሚፔክሶልና መሰሎቹ ይረዳሉ፤ ግን ቁማር፣ ያለ ልክ መግዛት ወይም ድንገተኛ እንቅልፍ ሊያመጡ ስለሚችሉ፣ ሕመምተኛው አፍሮ ስለሚደብቀው፣ ቤተሰብ በግልጽ ሊጠይቅ ይገባል። ትራይሄክሲፌኒዲል በአረጋውያን ላይ ማሰብን ያውካል፤ አባቴ በእርሱ የተነሣ የሌሉ ሰዎችን ያነጋግር ነበር።

አንድ ነገር አጥብቄ ልንገርዎ። አባቴ አንድ ጊዜ ሲያስመልሰው አንድ ክሊኒክ ውስጥ ሜቶክሎፕራማይድ ተወጋ፤ በሁለተኛው ቀን ከአልጋ መዞር አቃተው። ይህ መድኃኒትና ለአእምሮ ሕመም የሚሰጠው ሃሎፔሪዶል የዶፓሚንን ሥራ ስለሚያግዱ ለፓርኪንሰን ሕመምተኛ አይሰጡም። ስማቸውን በወረቀት ጽፈው እናትዎ ቦርሳ ውስጥ ያስቀምጡ። ሆስፒታል ቢገቡም ሌቮዶፓው በሰዓቱ እንዲሰጣቸው ይከራከሩ፤ ድንገት ማቋረጡ ከፍተኛ ትኩሳትና መገተር አስከትሎ ሕይወትን አደጋ ላይ ሊጥል ይችላል።

እንቅስቃሴውንም እንደ መድኃኒት ይቁጠሩት፤ አባቴ እግሩ ከወለሉ ጋር ሲጣበቅ እየቆጠረ ወይም ወለል ላይ የለጠፍነውን መስመር እየተሻገረ ይለቀቅ ነበር። ሲጠጡ የሚያስላቸው ከሆነ ወይም ፊታቸውን ያዘኑ የሚያስመስል ድብርት ካለ ለሐኪሙ ይንገሩ።

ለሚቀጥለው ቀጠሮ ደብተሩን ይዘው ይሂዱ፤ መጥፎውን ሰዓት በስልክዎ ይቅረጹት፤ ሕመምተኛ ሐኪም ፊት ሲቀርብ ብዙ ጊዜ ከቤቱ ይልቅ ይበረታልና። የሚቻል ከሆነም ጠዋት የመጀመሪያው ክኒን ሳይወሰድ አንድ ጊዜ፣ መድኃኒቱ ሲይዝ ደግሞ ሁለተኛ ጊዜ እንዲያዩአቸው ሐኪሙን ይጠይቁ።