ስለ ጦር አውሮፕላን ፎቶ አነሳስ፦ ለጎንደሩ ጠያቂ መልስ

ከጎንደር ተጉዘው ቢሾፍቱ በሚገኘው የአየር ኃይል ግቢ በእንግድነት በሚውሉበት ቀን የካሜራዎን ሹተር ስፒድ (ፎቶ ሲነሳ የካሜራው መጋረጃ ተከፍቶ ብርሃን የሚያስገባበትን የጊዜ ርዝመት) ስንት ላይ ማድረግ እንደሚሻል ጠይቀዋል። እንደ ሱ-27 ያለውን ተዋጊ ጄት ሲያነሱ ከ1/1000 ሰከንድ ባይዘገይ ይመረጣል፤ ሄሊኮፕተርንና እንደ ሲ-130 ያለውን ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላን በዚያው ፍጥነት ካነሱት ግን ፕሮፔለሩ መሽከርከሩን ያቆመ ስለሚመስል፣ ወደ 1/200 ዝቅ አድርገው ካሜራውን ከአውሮፕላኑ ጋር እኩል እያዞሩ ያንሱ። እጅዎን ለማለማመድ ከፋሲል ግቢ በላይ የሚያንዣብቡትን አሞራዎች በሌንስ መከተል ይበቃል (አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ አጥር ሥር መለማመዱን ግን ፈጽሞ አልመክርም፤ ያለ ፈቃድ ማንሳት ከጥበቃ ጋር ያጋጫል)። ፀሐይ ከበረታች በኋላ ከአስፋልቱ የሚነሳው ሙቀት ምስሉን ስለሚያርገበግበው፣ መሬት ላይ የቆሙትን በማለዳ ይጨርሱ።