ፈረሱ ስንት ይመታል?

ሰሞኑን የፈረስ የልብ ምት ጥያቄ በዝቶብኛል። ጅማ ናትና አይገርምም፤ አባ ጅፋር የሚለው ስም ራሱ የፈረስ ስም ነው። አራቱን ልመልስ።

ከጂረን፦ «የልብ ምት መለኪያ መጣልኝ። ሜዳ ላይ በሶምሶማ በደቂቃ 130 ይላል፣ የቤተ መንግሥቱ ዳገት ላይ 175 ገባ። ላቁም?»

ቀስ በል እንጂ አትቁም። ዳገት ምት ይጨምራል፣ ያለ ነው፤ ሽምጥ ሲጋልብ እኮ ከ200ም ያልፋል። ረጅም መንገድ ግን በ175 አይዘለቅም፣ ጡንቻው ቶሎ ይዝላል። አብዛኛውን ጉዞ ከ150 በታች ያዘው። እኔ ከጫፉ ቁጥር ይልቅ የማምነው አወራረዱን ነው። ዳገቱን ስትጨርስ ወደ እርምጃ መልሰውና ሰዓትህን እይ። በአንድ ሁለት ደቂቃ ከ100 በታች ከወረደ ፍጥነቱ ተስማምቶታል፤ ትናንት እዚያው ዳገት ላይ ቶሎ ይወርድ የነበረ ፈረስ ዛሬ 120 ላይ ተንጠልጥሎ ከቀረ ግን ወይ ውሃ ጠምቶታል፣ ወይ ሙቀት ይዞታል፣ ወይ የሆነ ቦታ እያመመው ነውና ውረድ፣ ኮቴውን አንድ በአንድ እያነሳህ እይለት።

ከአጂፕ፦ «ቆሞ ሳለ 210 አለኝ! ልቡን አሞት ይሆን?»

ኤሌክትሮዱ (ገላው ላይ ተለጥፎ ምቱን የሚያነበው የመለኪያው ክፍል) ደርቆ ወይም ተንሸራቶ ነው የሚሆነው። አንዱ ኮርቻው ሥር በግራ በኩል፣ ሌላው ከግራ ክርኑ ኋላ ከጠፍሩ ሥር ይቀመጣል፤ ጸጉሩን በጨው ውሃ በደንብ አርሰው። እኔም አንዴ ደንግጬ ወርጄ ግማሽ ሰዓት በእግሬ ስጎትተው ቆየሁ። እሱ እቴ፣ በየደረሰበት ሣር ይነጫል! ለማንኛውም በእጅህ ቆጥረህ አረጋግጥ።

ከሰርቦ፦ «መለኪያ የመግዛት አቅም የለኝም።»

አያስፈልግህም። ከመንጋጋው አጥንት ሥር በጣትህ ደም ሥሩን ፈልግ፣ 15 ሰከንድ ቁጠርና በ4 አባዛ። በስቴቶስኮፕ (በሐኪም የልብ ማዳመጫ) ከሆነ «ዱብ-ዳብ» አንድ ምት ነው፣ ሁለት ብለህ እንዳትቆጥር። ጠዋት ጠዋት ሳይደክም ለካው፤ ያረፈ ፈረስ ከ28 እስከ 44 ነው። የራሱን ቁጥር ደብተር ላይ ጻፍ።

ከፈረንጅ አራዳ፦ «64 የሚሉት ምንድን ነው?»

በዓለም አቀፍ የርቀት ግልቢያ ውድድር በየምዕራፉ መጨረሻ የእንስሳት ሐኪም ይለካል። ምቱ በተሰጠው ጊዜ ውስጥ ወደ 64 ወይም ከዚያ በታች ካልወረደ፣ አንደኛ ብትገባም ከውድድር ወጥተሃል።